የላሚቱ ባለቤት

ይሄነውን የቀበሌው ሊቀመንበር «ሞዴል አርሶ አደር» ይለዋል። የምን ሞዴል እንደሆነ ግን ሚስቱ የትምወርቅ እስካሁን አልገባትም። ዘመኑ ኢሕአዴግ ገበሬውን አንድ ለአምስት አደራጅቶ ጧት ማታ የሚሰበስብበት ዘመን ነበር። ከመካነ ሰላም እንግዳ በመጣ ቁጥር ይሄነው ነጭ ጋቢውን ደርቦ በረቱ በር ላይ ይቆምና «እኔ ከብቶቼን የምንከባከበው እንዲህ አድርጌ ነው» ይላል። እጁን ከጋቢው ሳያወጣ ነው የሚንከባከበው!

በረት የምትጠርገው የትምወርቅ ናት። አልባ፣ ኩበት ጠፍጥፋ ሳትታጠብ ድርቆሽ ልትሸከም ትወጣለች፤ ደክሟት አረፍ ልትል ስትል ደግሞ በጓ ምጥ ይይዛታል። አዋላጅም እሷው፣ ጊደር ሲነፋት ሐኪምም እሷው። ጅብ ሲመጣ እንኳ ዱላ ይዛ የምትወጣው እሷ ናት፤ ይሄነው ከአልጋው ሆኖ «በርቺ!» ይላታል። ቀን ቀን ደግሞ ዛፍ ሥር ተቀምጦ በማርች ስምንት በዓል ስለ ሴቶች እኩልነት የሚያደርገውን ንግግር ይለማመዳል። ምነው ምላሱ በተሳሰረ!

ወለላ የምትባለውን ላም የትምወርቅ ያሳደገቻት፣ ገና ጥጃ ሳለች እናቷ ከሞተችባት በኋላ፣ በጣቷ ወተት እያጠባች ነው። የቤቱ ጉሮሮ የሚርሰው በወለላ ነው። ይሄነው ግን በቅሎ አማረው። ሞዴል ሆኖ በእግሩ ስብሰባ መሄድ አሳፈረው።

«ወለላን ሸጠን በቅሎ እንግዛ» አላት።

«ከዚያ በቅሎዋን ታልባታለህ?» አለችው። አኩርፎ ወጣ።

በገበያ ቀን የትምወርቅ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ጥጃዋ በረት ውስጥ ብቻዋን ትጮኻለች። ወለላ የለችም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ ይሄ ከንቱ ከናቃት ቆይቷል። እንስራዋን አውርዳ፣ ነጠላዋን አደግድጋ ወደ መካነ ሰላም ገሰገሰች። በመንገድ ላይ ያወረደችው እርግማን ለአንድ ባል ይበዛል።

የከብት ገበያው ስትደርስ ሰው ተሰብስቧል። ይሄነው የወለላን ገመድ ይዞ ከወረኢሉ ከመጣ አሕመድኑር ከሚባል ነጋዴ ጋር ይከራከራል።

«ጥጃዋስ?» ይላል ነጋዴው።

«ቤት ናት። እኔ የምሸጠው ላሟን ነው፤ ጥጃ ምን ያደርግልሃል?»

የቆመው ሁሉ ሳቀ። ጥጃዋ ቀድማ ጠብታ ወተቱን ካላወረደችው የአገራችን ላም እንደማትታለብ በዚያ ምድር ሕፃን እንኳ ያውቃል። ሞዴሉ አያውቅም።

«እሺ፣ እስቲ እለባትና ልያት» አለ አሕመድኑር።

ይሄነው ጋቢውን ሰብስቦ ቁጢጥ አለ። ጡቷን እንደ ደወል ገመድ ሳበው። ጠብ የሚል ነገር የለም። ደግሞ ሲስብ ወለላ በእርግጫ ብላ ከነጋቢው እበት ላይ ዘረረችው።

ይህን ጊዜ የትምወርቅ ሰዉን እየገፋች ገባች። «ወለላዬ» ስትላት ላሚቱ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ መጣችና አፍንጫዋን ብብቷ ሥር ወሸቀች። ነጋዴው አንዴ ላሟን፣ አንዴ ሴትዮዋን አየ።

«ሱብሃነላህ! እቴ፣ ባለቤትዎ ናቸው?» ሲል ከእበቱ የሚነሳውን ሰው በአገጩ አመለከታት።

«የእኔስ ባለቤት ነው፣ ምን ይደረግ» አለች። «የላሚቱ ግን አይደለም።»

አሕመድኑር ጨዋ ነጋዴ ነበር። ባለቤቱ ያልፈቀደውን መግዛት ሐራም ነው ብሎ ገመዱን ከመሬት አንስቶ በእጇ አስጨበጣት።

ይሄነው ጋቢውን እያራገፈ ጮኸ። «በሰው ፊት አዋረድሽኝ! እኔ እኮ ሞዴል ነኝ!»

«ታዲያ እቴ፣» አለ ነጋዴው ሳቁን እየዋጠ፣ «ይህን ሁሉ መንገድ መጥቼ ባዶ እጄን ከምመለስ፣ እሳቸውንስ አይሸጡልኝም?»

ገበያው በሳቅ ተናጋ። የትምወርቅ አልሳቀችም። ባሏን እንደሚገዛ በሬ ከላይ እስከ ታች አየችው፤ ዞራም ከኋላው አየችው።

«ወላሂ አልሸጥልዎትም» አለች። «ምን ይሠራል ብዬ? እኔ ሰው አላታልልም።»