በበዓለ ሃምሳ የጾመችው

ቁርስ ልማድ እንጂ ግዴታ አይደለም ብዬ የወሰንኩት እኔ ነኝ። በማንም ላይ የማላላክከው ውሳኔ ነው። ዘመኑ የደርግ ነበር፤ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ከአክስቴ ልጅ ጋር በአንዲት ጠባብ ክፍል እየኖርን አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንማር ነበር። በሁለት ዓመት ስለምትበልጠኝ «እታለም» ነበር የምላት። እዚህም ሌላ ስም አልሰጣትም።

የመጣነው ከአንኮበር ቁልቁል ከምትገኝ የገጠር ደብር ነው። አባቴ የደብሩ ቄስ ነበር። አክስቴ ልጇ ገና ሕፃን ሳለች ስለሞተች እታለም ያደገችው እኛ ቤት ነው። ተኝተን የተነሳነው ከአንድ መደብ ላይ፣ የተገረፍነውም በአንድ አለንጋ ነው። ሁለታችንንም ወደ ከተማ ሲልከን አባቴ ነገሩን አላድበሰበሰውም። ማትሪክ ያለፈች ትማራለች፣ የወደቀች ተመልሳ ትዳር ትይዛለች አለን። እታለምን ደግሞ ገና ዘጠነኛ ክፍል ሳለች ሽማግሌ ልኮ የጠየቃት ሰው ስለነበረ፣ ነገሩ ለእሷ ማስፈራሪያ ብቻ አልነበረም። የሒሳብ አስተማሪ መሆን ነበር የምትፈልገው። ሒሳቡንም ትችለው ነበር፤ እኔ ሁለት ገጽ ሞልቼ የምደርስበትን መልስ እሷ በደብተሯ ጠርዝ ላይ ጫር ጫር አድርጋ ታገኘዋለች።

ቤት ማከራየት የተከለከለበት ጊዜ ስለነበር ያስጠጋችን ሴትዮ ቀበሌ ሄዳ «የዘመድ ልጆች ናቸው» ብላ አስመዘገበችን። ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ጎህ ሳይቀድ ተነስታ አምባሻ ትጋግርና መናኸሪያ ወስዳ ለመንገደኛ ትሸጣለች። አራተኛ ክፍል የሚማር አንድ ልጅ ነበራት። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ግን ለራሷም የተረፋት ነገር አልነበረም።

ስንቃችንን አባቴ በየሦስት ሳምንቱ ለቅዳሜ ገበያ ሲወጣ በበቅሎ ጭኖ ያመጣልን ነበር። በሶ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ ጥቂትም ቆሎ። ችግሩ ስንቁ በአሥራ ስምንተኛው ቀን ያልቃል። የቀሩትን ሦስት ቀናት እታለም ከጎረቤት ተማሪዎች እየተበደረች ታሻግረን ነበር። እኔ መለመን ሞቴ ነው። አንድ ቀን ጣሳ ይዛ ስትወጣ አይቼ ተቆጣሁና ሕጉን አወጣሁ። ከዛሬ ጀምሮ ቁርስ የለም፤ ቀን ስድስት ሰዓት አንድ ጊዜ፣ ማታ አንድ ጊዜ።

«የቄስ ቤት ልጆች እኮ ነን» አልኳት። «ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾምን አድገን እስከ ስድስት ሰዓት መቆየት ያቅተናል?»

«ይሁን» አለች። «በሶው ከበቃን ይሁን።»

ይህን ስህተት ከእኛ ቤት ውጭ ያደገ ሰው የሚሠራው አይመስለኝም። የወተት ጥርሳችንን ሳንጨርስ መጾም የጀመርን ስለሆንን፣ ባዶ ሆድ እኛን የሚጎዳን አይመስለንም ነበር። እንዲያውም ትንሽ ያኮራን ነበር። የረሳሁት፣ እቤታችን ስንጾም ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚጠብቀን ትልቅ ገበታ እንደነበረ ነው። ጾሙም መፍቻ ነበረው። እኔ ያወጅኩት ጾም ግን ፋሲካ አልነበረውም።

ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ሕጉን አፈረስኩት። ያስጠጋችን ሴትዮ ልጇ ሒሳብ እየወደቀ ስላስቸገራት፣ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት እንዳስጠናው ለመነችኝ። እታለም በዚያ ሰዓት ቦኖ ሄዳ ውሃ ትቀዳለች። ልጁን እያስጠናሁ ሳለ ሴትዮዋ አንድ ብርጭቆ ሻይና ከትኩሱ አምባሻ አንድ ቁራሽ አቀረበችልኝ። ጥቁር አዝሙድ ያለበት፣ ገና እንፋሎቱ ያልወጣለት። በላሁ። በማግስቱም በላሁ።

በመጀመሪያው ቀን እነግራታለሁ ብዬ ነበር። በሁለተኛው ቀን፣ ሕጉን ያወጣሁት እኔ ሆኜ እንዴት ብዬ እነግራታለሁ አልኩ። ከዚያ በኋላ ምክንያት መፈለጉንም ተውኩት። እውነቱን ለመናገር፣ ቁራሿ ለሁለት ስትከፈል ታንሳለች ብዬ ነው የደበቅኳት። እፍረቱ የመጣው ዘግይቶ ነው።

የደብረ ብርሃንን ጠዋት የሚያውቅ ያውቀዋል። ውርጩ ቦኖው ላይ ይጋገራል፣ ጣት ይደነዝዛል። እታለም በዚያ ብርድ እንስራ ተሸክማ ትመለስና ያንን የቀዳችውን ውሃ አንድ ጣሳ ጠጥታ፣ ደብተሯን ይዛ ከእኔ ጋር ትወጣለች። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍለ ጊዜዎች ሒሳብ ነበሩ። እስከ ገና ድረስ ምንም አልታየባትም። ከዚያ በኋላ ግን ጠዋት ራሷን ያማት ጀመር። እጇ ሁልጊዜ ይቀዘቅዛል፤ ቀድሞ የማታውቀው ቁጣ መጣባት፤ በጥቂቱ ትነጫነጭና መልሳ ታለቅሳለች። ሰሌዳው ላይ ወጥታ የጀመረችውን ስሌት መሐል ላይ ትረሳዋለች። ከሰዓት በኋላ፣ ምሳ ከበላን በኋላ፣ ያንኑ ጥያቄ ስሰጣት ትሠራዋለች። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። አይቼም «ሰነፍሽ» አልኳት።

«እኔ እንዴት አልሰነፍኩም?» አልኩ ደግሞ። ይህን ቃል ሳስታውስ እስከ ዛሬ ፊቴ ይግላል።

ፋሲካ አልፎ፣ ፈተናው ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ግራ እጃችንን አንስተን መፈክር እያሰማን ሳለ እታለም ከሰልፉ መሐል ተዝለፍልፋ ወደቀች። ደግፈን ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ጤና ረዳቱ ሸምገል ያለ ሰው ነበር። የዓይኗን ቆብ ገለጥ አድርጎ አየ፣ እጇን ያዘ።

«ቁርስ ምን በላሽ ልጄ?»

«ጾም ነኝ» አለች።

ሰውየው «በሃምሳው?» አላት።

ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። ይህን የማያውቅ ክርስቲያን የለም፤ የቄስ ቤት ልጅማ እንዴት ይጠፋታል? ሌላ ውሸት አልመጣላትም። ድሃ ነኝ ከማለት ጾም ነኝ ማለት ይቀላል ብለን ያደግን ነን። እሷ አንገቷን ደፋች፤ እኔ መሬት መሬት አየሁ። ጤና ረዳቱ አልሳቀባትም። ከኪሱ ሁለት ከረሜላ አውጥቶ አንዱን እዚያው እንድትበላ አደረጋት።

«አእምሮም እንደ ሆድ ምግብ ይፈልጋል» አለን። «ሌሊቱን ሙሉ ባዶ የቆየ ሰውነት ጠዋት አንድ ነገር ካልቀመሰ ራስ ያዞራል፣ ሐሳብ ይበተናል፣ ጨጓራም ይቆጣል። የምትፈተኚ ልጅ ነሽ። ጭብጦም ቢሆን፣ ቆሎም ቢሆን ጠዋት ብዪ።»

ስንመለስ መንገድ ላይ «ከነገ ጀምሮ ቁርስ እንብላ» አልኳት። ቆም ብላ አየችኝ።

«አባባ እስኪመጣ ስምንት ቀን አለ። በሶው ከታች ደርሷል። ሁለታችንም ጠዋት ከበላን ማታ ምን ልንበላ ነው? ጥቂት ቀን ናት፣ እችለዋለሁ።»

የመናገሪያዬ ሰዓት ያ ነበር። «አንቺ ብዪ፣ እኔ ጠዋት ጠዋት አምባሻ አገኛለሁ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አፌ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። እችለዋለሁ ያለችው እሷ ናት ብዬ ራሴን አጽናናሁ። አባቴ ያመጣው አዲሱ ስንቅም እንደ ወትሮው ስለነበር ሕጉ ሳይነሳ ፈተናው ደረሰ።

የሒሳብ ፈተና ቀን ጠዋት ሴትዮዋ «ዛሬማ ጠንክረሽ ብዪ» ብላ ሁለት ቁራሽ ሰጠችኝ። አንዱን በላሁ። ሁለተኛውን ለእታለም ብዬ በመሐረብ ጠቅልዬ ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። አብረን ወጣን። በመንገድ ላይ እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ሙቀቱ ይሰማኛል። ከየት አመጣሽው ብትለኝ ምን እላታለሁ? ዛሬ ብቻ ነው የተሰጠኝ ልበላት? እንዲህ ሳወጣ ሳወርድ ከፈተናው አዳራሽ በር ደረስን። ከእኔ ሦስት ወንበር ፊት ነው የተቀመጠችው። ገና ሰዓቱ ሳይጋመስ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ስታስደግፍ አየኋት። ቀና ትላለች፣ ትጽፋለች፣ እንደገና ትደፋለች። እኔ ፈተናውን ጨርሼ ስወጣ አምባሻው ኪሴ ውስጥ ደርቆ ነበር። ከትምህርት ቤቱ አጥር ኋላ ለውሻ ጣልኩት።

ውጤቱ ክረምት ላይ መጣ። እኔ አለፍኩ፤ እሷ ለጥቂት ወደቀች። ያወደቃትም ሒሳብ ነው። አባቴ ቃሉን አላጠፈም። በጥር ተዳረች፤ እኔም ለሠርጉ ከመምህራን ማሠልጠኛ ፈቃድ ጠይቄ ሄጄ እስክስታ ወረድኩ።

ደብረ ብርሃን ተመልሼ አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ፣ በዚያው መንግሥት የመጨረሻ ዓመታት፣ እታለም ስምንት ዓመት የሆናትን ልጇን ይዛ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ቤቴ መጣች። እኔ ዘንድ ሆና እንድትማር ነው። ከስታለች። ጨጓራዋ እንደሚያሠቃያት፣ ከዚያን ጊዜ ወዲህ ደህና ሆኖላት እንደማያውቅ ነገረችኝ። የልጇን ልብስ እያጣጠፈች ሳለ ቀና ሳትል፣

«አንድ ነገር ብቻ ነው አደራ የምልሽ» አለች። «ጠዋት ሳትበላ እንዳታስወጫት።»

«አላስወጣትም» አልኩ። ከዚያ በላይ መቻል አቃተኝ። «እታለም፣ ያኔ እኔ…»

«አውቃለሁ» አለችኝ። «ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አውቃለሁ። ጥቁር አዝሙድ ሹራብሽ ላይ ይሸት ነበር። ማወቄን ካወቅሽ ትተዪዋለሽ፣ ሁለታችንም ከምንወድቅ አንዳችን እንለፍ ብዬ ዝም አልኩ።» ቀሚሱን አጥፋ ከሌላው ላይ ደረበችው። «የሒሳቡ ፈተና ቀን ግን ኪስሽ ውስጥ ነበር። እስከ አዳራሹ በር ድረስ፣ አሁን ትሰጠኛለች፣ አሁን ትሰጠኛለች እያልኩ ጠበቅሁ።»

ያጣጠፈችውን ልብስ ተቀብዬ ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩ። 

በማግስቱ ጠዋት ሳይነጋ ተነስቼ መናኸሪያ ሄድኩና ትኩስ አምባሻ ገዛሁ። ሻይ አፈላሁ። አንዱን ቁራሽ ለልጅቷ፣ አንዱን ለእታለም አቀረብኩ። እታለም የራሷን ቁራሽ ወደ ልጇ ገፋ አደረገችው።

«እኔ ጾም ነኝ» አለች።

ሃምሳው አልፎ ነበር፤ ዕለቱም ረቡዕ ነው። እውነቷን ነበር። ልጅቷ ሁለቱንም ቁራሽ እስክትጨርስ ድረስ ሁለታችንም አጠገቧ ተቀመጥን።