ዋስ ይዞ ሐኪም ቤት የሄደው ባሌ

ዛሬ ሞጣ ሐኪም ቤት ሦስት ሆነን ገባን። የተጠራነው ግን እኔና ባሌ ብቻ ነበርን።

ባሌ መጠጥ ለማቆም ሕክምና ከጀመረ ሰንብቷል። አማካሪዋ "በሚቀጥለው ከባለቤትዎ ጋር ይምጡ" ስትለው ሽምግልና መሰለው። ታላቅ ወንድሙን አያ ፈንቴን ዋስ አድርጎ ከቢቸና አሳፍሮ አመጣቸው። ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው!

አማካሪዋ በትሕትና "አባቴ፣ እርስዎ ውጭ ይጠብቁን" አለቻቸው። ቅር እያላቸው ወጡ።

ባሌ ወዲያው ለእሷ መማል ጀመረ። "ሁለተኛ ብቀምስ..." አላስጨረሰችውም። ወንበሮቻችንን ፊት ለፊት አዞረቻቸው።

"ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ይንገሯት። ለዘላለም ሳይሆን ለዛሬ ብቻ።"

ላብ በላብ ሆነ። ግድግዳውን አየ፣ ጫማውን አየ። በመጨረሻ እኔን እያየ "ጥሩዬ፣ ዛሬ አልጠጣም" አለ።

ተራው የእኔ ሆነ። አማካሪዋ የፈቀደችልኝ ማመስገን ብቻ ነው፤ የትናንቱን ማንሳት ክልክል። እናንተ፣ ይሄ መጠጥ ከመተው አይብስም? የትናንቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥ አደረግሁትና "አመሰግናለሁ" አልኩት። ቤታችንም በየጠዋቱ እንዲሁ ልንባባል ነው።

ስንወጣ አያ ፈንቴ "ማለ?" አሉኝ።

"አልማለም።"

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ሰዓት ምን ስትሠሩ ነበር?" ብለው ተቆጡ።

ለሽማግሌ ምሏል። ለንስሐ አባታችን ምሏል። ለአያ ፈንቴማ ስንቴ! ለእኔ ለራሴ ሲነግረኝ ግን ዛሬ የመጀመሪያው ነው።

በሽማግሌ የታረቃችሁ ባልና ሚስቶች፣ እስኪ ንገሩኝ፤ ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ እናንተ ለእናንተ ተነጋግራችሁ ታውቃላችሁ?