እህቴ መስተጻምር ያስተማረችበት ቀን

ታላቅ እህቴ ካራ አካባቢ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ለዓመታት ሦስተኛ ክፍልን አስተምራለች፤ በአማርኛ። ባለፈው ክረምት የትምህርት ቤቱ ባለቤት መምህራኑን ሰብስበው ከመስከረም ጀምሮ ሁሉም ትምህርት በእንግሊዝኛ እንደሚሰጥ ነገሯቸው። ወላጆች የሚፈልጉት ይህንኑ ነው አሉ። ጠይቄ አጣርቻለሁ፤ እውነታቸውን ነው። ነባር መምህር ወላጆች በተገኙበት አንድ የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አስተምሮ ካላለፈ ክፍሉን ይለቃል። ለእህቴ የደረሳት ርዕስ መስተጻምር ነበር።

በእንግሊዝኛም ዜና ስለምጽፍ እኔ ጋ መጣች። ቤት ውስጥ ልጆቿ ስለሚስቁባት ከየካ ሚካኤል በላይ ያለውን ዳገት እየወጣን እናጠና ጀመር።

«እኩል ሐሳቦችን የሚያገናኙት?»

«ኤንድ፣ ባት፣ ኦር፣ ሶ።»

«ምክንያት የሚያመጣውስ?»

«ቢኮዝ። ጋዜጠኛው፣ መጀመሪያ ትንፋሼን ልሰብስብ፤ ዳገት ላይ ነን እኮ።»

ያስቸገራት «ምንም እንኳ» የሚለው ኦልዞው ነበር። እኛ «ቢዘንብም ግን ሄድን» እንደምንለው፣ በኦልዞው ጀምራ መሃል ላይ ባት ትጨምራለች። አንዱ ይበቃል አልኳት።

«እኛ ሁለቱንም እንላለን፤ ምን ጎደለብን? ፈረንጆቹ ቆጣቢ ናቸው በለኛ።»

ክረምቱ ሲወጣ ግን እኔን የምታርም ሆነች። ጥንድ ሆነው የሚመጡትን፣ አይዘርን ከኦር፣ ናት ኦንሊን ከባት ኦልሶ ጋር ሳትደናቀፍ ታያይዛቸው ነበር።

በፈተናው ቀን ከወላጆች ጋር ከኋላ ተቀመጥኩ። ባለቤቱ በሩ አጠገብ ቆመዋል። እህቴ አንድም ሳትስት አስተማረች። ልጆቹ እንደለመዱት በኅብረት ይደግማሉ፤ ቢኮዝ ስትል ቢኮዝ። ሰሌዳው ላይ «አይ አም ሃፒ ቢኮዝ» ብላ ጻፈችና ጨርሱልኝ አለች፤ በእንግሊዝኛ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አይ አም ሃፒ ቢኮዝ» አለ። ደግማ ጠየቀች። ደግመው ያንኑ አሉ። ከፊት የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ምን እናድርግ? አልገባኝም።»

እህቴ ወደ በሩ አልዞረችም። ጎንበስ ብላ በአማርኛ «ለምን ደስ እንዳለሽ ንገሪኝ» አለቻት።

ወዲያው ከየወንበሩ እጅ ወጣ። አንዷ ደስ ያላት አጎቷ ከአርባ ምንጭ ስለመጣ ነው። አንዱ «ቢኮዝ ኖ ማትስ ቱደይ» ሲል ወላጆች ሳቁ። እንግሊዝኛው የተሰባበረ ቢሆንም ሁሉም ምክንያቱን ተናገረ።

ሲያበቃ ባለቤቱ ቢሮ አስገቡን።

«ትምህርቱ ግሩም ነበር። ነገር ግን አማርኛ ተናግረዋል፤ ያውም ወላጅ ፊት።»

«ልጅቷ አልገባትም ነበር እኮ።»

«ይገባኛል። እርስዎም ይረዱኝ።»

ይህን ሁሉ ያሉት በአማርኛ ነው።

ውጭ አንዲት እናት አገኘሁ። «ልጄ ዛሬ ገና ገባው» አለችኝ። እህቴ ልጇን ማስተማሯን ብትቀጥል ደስ ይላት እንደሆነ ጠየቅኳት። «እሱማ አይሆንም፤ አማርኛ ከሆነ እዚህ ምን አመጣን?» አለች። አልጨቀጨቅኳትም። በሥራዬ እንዲህ ያለ መልስ ብዙ ሰምቻለሁ።

ክፍሏ በቅርቡ ለተመረቀ ወጣት ተሰጠ። ለእሷ የእረፍት ሰዓት ቁጥጥር ሰጧት፤ ግቢውን እየዞረች አማርኛ የሚያወሩ ልጆችን ከጨዋታ አስወጥታ ግድግዳ ሥር ታቆማለች። ሌላ ሥራ እስካገኝ ብላ ተቀበለች።

ኅዳር ላይ ላገኛት ሄጄ በአጥሩ በኩል አየኋት። ሁለት ልጆች ገመድ እየዘለሉ በአማርኛ ይቆጥራሉ። ጠራቻቸው፤ በእንግሊዝኛ፣ ያለ እንከን። አልተከራከሯትም፤ ገመዱን ጠቅልለው ሄደው ቆሙ።

ወደ ታክሲ ስንሄድ ልጆቹ እንዴት እንደያዟት ጠየቅኳት።

«ደህና ናቸው» አለች። «በፊት የማይጠይቁኝ ነገር አልነበረም። አሁን ሳልፍ ዝም ይላሉ።»