ኮከብ የሌላት ራጂ

ዕቁባዝጊ ሱቁን እንደከፈተ በየቀኑ መጀመሪያ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው። ትናንት የሠራውን ጎማ በማቆሚያው ላይ ይሰቅልና በአንድ ጣቱ ይገፋዋል። ከዚያ ይጠብቃል። ጎማው ዞሮ ዞሮ ሊቆም ሲል ወደ ኋላ መለስ ካለ አንድ ጎኑ ከብዷል ማለት ነው፤ ከባዱ ጎን ታች እስኪደርስ አያርፍም። የትም ቦታ ላይ ጸጥ ብሎ የሚቆም ጎማ ግን ለባለቤቱ ይመለሳል።

እሱ ራሱ የትም አይቆምም። ገዛ ባንዳ ሰፈር ውስጥ ባለችው ሱቁ ሰላሳ አንድ ዓመት የብስክሌት ጎማ ሲያቃና በወንበር ላይ ሲቀመጥ ያየው ሰው የለም። ሥራውን ከመሃል ትቶ ወደ በር ይሄዳል፤ መንገዱን ግራና ቀኝ ያያል፤ ምንም ሳያገኝ ይመለሳል። በሱቁ ያለችው አንዲት ወንበር የባይራይ ናት። ባይራይ ጉልበቱ እስኪሰበር ድረስ የብስክሌት ተወዳዳሪ ነበር። አሁን በየጠዋቱ ሻዩንና ባኒ ዳቦውን ይዞ ይመጣል።

«ጎማው እንኳ ደክሞት ይቆማል» ይለዋል። «አንተን የገፋህ የማን ጣት ነው?»

«አንተን ማን እንዳስቀመጠህ ንገረኝና እነግርሃለሁ።»

የዚያን ሰሞን ዕቁባዝጊ ከወትሮውም ብሶበት ነበር። ልጁ ልዋም እሑድ በብስክሌት ትወዳደራለች። ቀድመው የሚገቡት ስድስት ሴቶች ለቡድኑ ይመረጣሉ፤ እሷ ባለፈው ዓመት ስምንተኛ ሆና ቀርታለች። የኋላ ጎማዋን እንደ አዲስ ሊሠራላት ቸርኬውን አዘጋጀ። ከእምብርቱ ወደ ቸርኬው የሚዘረጉት ቀጫጭን ሽቦዎች፣ ራጂዎቹ ማለት ነው፣ ከገበያ ከጠፉ ቆይተዋል። ውጭ ያለ የእህቱ ልጅ ሰላሳ ሁለት አዲስ ራጂ ላከለት። በእያንዳንዷ ራስ ላይ ትንሽ ኮከብ ተቀርጻለች።

ለሌላው ደንበኛ የሚሆኑት በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ያሉት ናቸው። ረጃጅም ራጂ ይገዛና በልኩ ቆርጦ ጫፏን በእጅ ጥርስ ያወጣላታል። እንዲህ ያለች ራጂ ዳቦ ለሚያመላልስ ሰው ዓመታት ትቆያለች። ለውድድር ግን አትታመንም፤ በእጅ የወጣው ጥርስ ሽቦውን ይጎዳዋል፣ ብዙ ሲጎተት ይለቃል። እስኪለቅ ድረስ መልኳም ድምፅዋም እንደ ጓደኞቿ ነው። ራሷ ላይ ኮከብ የላትም፣ ልዩነቷ ይኸው ብቻ ነው።

አርብ ዕለት የልዋምን ጎማ ሠራ። በዚያው ጠረጴዛ ላይ የባይራይንም አንዲት የተሰበረች ራጂ ለወጠ። በመካከሉ ሦስት ጊዜ ወደ በር ሄዶ ተመለሰ።

እሑድ ጠዋት ልዋም ቀድማ ወጣች። ባይራይ ብስክሌቱን ይዞ መጣና «ና፣ ልጅህ ሳትገባ እንድረስ» አለው። ዕቁባዝጊ በሩን ቆልፎ ዞር ሲል ዓይኑ በባይራይ የኋላ ጎማ ላይ ዐረፈ። ጎንበስ አለ። ከዛጉት ራጂዎች መካከል አንዷ አዲስ ናት። በራሷ ላይ ኮከብ አለች።

«ምነው? ዛሬ ደግሞ ብስክሌቴን ልትሳለመው ነው?»

ዕቁባዝጊ ኮከቧን በጣቱ ነካት። ኮከቧ እዚህ ካለች፣ የቆርቆሮዋ ራጂ በልዋም ጎማ ውስጥ ናት። ለባይራይ ነገረው።

«አትንገራት» አለ ባይራይ ቀልዱን ትቶ። «ከነገርካት ከራጂዋ በፊት ልቧ ይሰበራል።»

«ሳልነግራት ራጂዋ የውድድሩ ቁልቁለት ላይ ብትለቅስ?»

መነሻው ላይ ሲደርሱ ሩብ ሰዓት ቀርቷል። ልዋም አባቷ እየሮጠ ሲመጣ አይታ ከብስክሌቷ ወረደች።

«ባባ፣ ምን ሆነሃል?»

ተንበርክኮ ጎማውን በእጁ ቀስ እያለ አዞረው። ኮከብ፣ ኮከብ፣ ኮከብ። አሥራ ዘጠነኛዋ ራሷ ልሙጥ ነው። በካቴናው በኩል ናት። እሷን ለማውጣት ጥርሳጥርሱን መፍታት ያስፈልጋል፤ መፍቻው ሱቅ ነው።

«ይቺን ከቆርቆሮው ነው ያስገባኋት። ተሳስቼ። ከውድድሩ መኪና ተለዋጭ ጎማ ውሰጂ።»

«የመኪናው ጎማ እኮ የልምምድ ነው፣ ክብደቱ ድንጋይ ነው። በዚያ ስድስተኛ አልገባም።» ራጂዋን በጣቷ ነካ አደረገቻት። «ደህና ትመስላለች።»

«ደህና መምሰሏ ነው ክፋቷ።»

ልዋም የቆቧን መያዣ አጠበቀች። «አሥር ዙር ነው። አንተ ከዘንባባዎቹ ማብቂያ፣ መታጠፊያው ላይ ቁም። እዚያ ቀስ ብለን ነው የምናልፈው። ጎማህን በድምፁ ታውቀዋለህ። ከተበላሸ ባርኔጣህን አውልቅ፣ እቆማለሁ።»

«ሳላውቅ ብቀርስ?»

«ታውቃለህ» አለችና ወደ መስመሩ ገባች።

አንድ ዙር ሰባት ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ሴቶቹ መታጠፊያውን ሲያልፉ ካቴናው፣ ፍሬኑ፣ ትንፋሹ አንድ ላይ ይመጣል፤ ከዚያ ውስጥ የእሱን ጎማ መለየት አለበት። ካለፉ በኋላ በሰባቱ ደቂቃ ከአንዱ ዘንባባ ወደ ሌላው ይመላለሳል። ከመንገዱ ዳር ሳጥን ላይ የተቀመጠች በለስ ሻጭ ዓይኗን ከእሱ አላነሳችም።

«አያ፣ የእግር ውድድርም አለ እንዴ ዛሬ? አልነገሩንም።»

«እሱ ብቻውን ነው የሚወዳደረው» አላት ባይራይ። «እስካሁን አንደኛ ነው።»

እስከ ስድስተኛው ዙር ድምፁ ጥሩ ነበር። ልዋም ከፊት ካሉት አምስት ሴቶች ጋር ተገንጥላ ወጥታለች። በሰባተኛው ዙር ሲያልፉ ዕቁባዝጊ የሆነ ነገር ሰማ። ጠቅ።

«ሰማህ?»

«የሌላዋ ነው» አለ ባይራይ። «አረንጓዴ የለበሰችው ካቴናዋ ልል ነው።»

ሊሆን ይችላል። እስኪመለሱ ድረስ ማወቂያ የለም። ዕቁባዝጊ ባርኔጣውን ያዘ፣ ለቀቀ፣ እንደገና ያዘ። አሁን ቢያወልቀውና የአረንጓዴዋ ካቴና ቢሆን ልጁን በከንቱ አስቀራት። ባያወልቀው ደግሞ ከመታጠፊያው በኋላ ቁልቁለቱ አለ።

በስምንተኛው ዙር ልዋም ሦስተኛ ሆና መጣች። አረንጓዴዋ ወደ ኋላ ቀርታለች። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፤ ጎማው አንድ በዞረ ቁጥር አንድ። ጎማው ሲፈጥን ድምፁም ፈጠነ።

ባርኔጣውን አወለቀ።

ልዋም አይታዋለች። አልፋው ሄደች። አሥር ሜትር፣ ሃያ ሜትር። ከዚያ እጇን አንስታ ወደ ዳር ወጣች። ዕቁባዝጊ ሲደርስ አራቱ ሴቶች ቁልቁለቱን ጀምረዋል፣ አረንጓዴዋም አለፈች።

«እርግጠኛ ነህ?»

ጎማውን አነሳና አሥራ ዘጠነኛዋን ያዛት። እጁ ውስጥ ተንቀጫቀጨች። ጥርሷ ጫፏን ከሚይዘው ዳዶ ወጥቷል። እንዳትመታ ከጎረቤቷ ጋር ጠመዘዛት፣ ቸርኬው ሲወላገድ እንዳይነካው ፍሬኑን አላላው፣ ልጁን ከኋላ ገፋት። ይህን ሲያደርግ ሌሎች ሦስት ሴቶች አልፈዋል።

ልዋም ዘጠነኛ ሆና ገባች።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሦስቱም በእግር ነበሩ። መጀመሪያ የተናገረው ባይራይ ነው። «አንዲት ራጂ የጎደለው ጎማ እኮ ይዞራል። እኔ ሁለት የጎደለው ይዤ ከረን ገብቻለሁ። የቀረው ሁለት ዙር ነበር።»

«በቁልቁለት?» አለ ዕቁባዝጊ።

«እሱማ…» አለ ባይራይ።

«ባባ» አለች ልዋም፣ «ባርኔጣህን ስታወልቅ አይቼ አንድ ጊዜ ልተወው ብዬ ነበር።»

«ሃያ ሜትር ሄደሻል። አይቻለሁ።»

«ይይዝ ነበር?»

«አላውቅም።»

ቤት ደርሰው እሷ ገባች። እሱ በሩ ላይ ቆየ፤ መንገዱን ግራና ቀኝ አየ።

ሰኞ ጠዋት ዕቁባዝጊ የባይራይን ብስክሌት ገልብጦ ኮከብ ያለባትን ራጂ ፈታት፣ ለልዋም ጎማ አስገባት፣ ጎማውን በአንድ ጣቱ ገፍቶ ጠበቀ። የቆርቆሮውን ራጂዎች ልዋም ማለዳ መደበር ገበያ ወስዳ ለብረት ቀጥቃጮቹ ሰጥታቸዋለች። ለባይራይ የሚሆን ራጂ ሱቁ ውስጥ አልነበረም። ባይራይ ባኒውን በልቶ ሲጨርስ ብስክሌቱን ትቶ በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ።