ጋሽ ዓባይነህ ጣልያኑን ጫማ ያስወለቁት ጠዋት

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ግን ልደታ ውስጥ እንደኔ ጣልያንኛ የሚያንበለብል ሰው አልነበረም። ጣልያኖች አየር ማረፊያውን ሲሠሩ ድንጋይ ስሸከምላቸው በጆሮዬ ነው የለቀምኩት። አንዱ መሐንዲስማ ሮም ነው የተወለድከው ብሎኛል። ይኼን ተዉት፤ የማወራው ስለ ልደታ ማርያም ዘበኛ፣ ስለ ጋሽ ዓባይነህ ነው።

ቀጭን፣ ነገረኛ ሽማግሌ ነበሩ። ሚስታቸው ሞታለች፣ ልጅ የላቸውም፤ ያላቸው አንድ ከዘራና የሚጠብቁት የቤተክርስቲያን በር ብቻ ነው። ከዘራው የወይራ ነበር። የቆረጥኩላቸውም እኔ ነኝ፤ እንጨት መምረጥ ላይ ማንም አይደርስብኝም።

አንድ ጠዋት የጌጃ ሰፈሩ አናጢ ገረሱ፣ ለአርበኞች ጥይት ደብቀሃል ተብሎ ሲያባርሩት ሮጦ ቤተክርስቲያን ገባ። ከያዙት ይሰቅሉታል። ወዲያው የጣልያን ፖሊስ አለቃ ከሁለት ወታደር ጋር ደረሰና ሰውዬውን አውጡ አለ። ጋሽ ዓባይነህ ከዘራቸውን በሩ ላይ አጋድመው እኔን ጠሩኝ። ሌላ ማን ሊያስተረጉም?

"የንጉሥህ ግዛት እዚህ ደረጃ ላይ ያልቃል በለው። ከዚህ ወዲያ የምታዝዘው እመቤቴ ናት።"

ትንሽ ማር ጨምሬ ተረጎምኩ። አለቃው ይቆጣል ብዬ ነበር። እሱ ግን፣ በኛም አገር ዱሮ እንዲሁ ነበር አለኝ፤ ቤተክርስቲያን የገባን ሰው ዳኛ አይነካውም ነበር። በዚህ የተነሳ ነገሥታቱና ጳጳሳቱ ስንት ዘመን ተጣሉ፣ አንዱ ሲያወግዝ ሌላው ሲያስር ኖሮ በመጨረሻ ነገሥታቱ በረቱ። እኔም የንጉሥ ሰው ነኝና እገባለሁ አለ።

"ይግባ" አሉ ጋሽ ዓባይነህ። "ግን ቁርስ የበላ አይገባም። ጠመንጃም አይገባም። ጫማውንም ያውልቅ።"

ወታደሮቹ በልተዋል። አለቃው ግን እህል አልቀመሰም፤ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። አንዱ ጠመንጃውን ያዘለት፣ አንዱ ጫማውን ይጎትትለት ጀመር። እግሩ ላይ እስከ ጉልበቱ የተጠመጠመ ጨርቅ ነበር፤ እሱም ይፈታ አሉ ጋሽ ዓባይነህ። ያን ጊዜ ወደ ውስጥ ዞረው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

"የሴቶቹ በር አልተቆለፈም።"

ይቺን አልተረጎምኩም።

ሰው የፈለገውን ይበል፣ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፤ አለቃው አንዱን እግር ፈትቶ፣ መልሶ ጠቅልሎ፣ እንደገና ፈታው። ከዚያ ባዶ እግሩን ገባ፣ ዞረ፣ አማተበ፣ ማንም የለም ብሎ ወጣ።

ሰንበት ብሎ ከሆለታ ቅቤ የምታመጣው ሴት፣ እንዳለች የምትባለው፣ የገረሱን ሰላምታ ይዛ መጣች። ጫካ ገብቷል፣ ወፍሯልም አለች። ጋሽ ዓባይነህ ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ጣልያን እስኪወጣ ድረስ የሴቶቹን በር ቆልፈው አያውቁም።