ዘጠኙም በአንድ በር

በረኛው ጠዋት ጠዋት ከሁሉም ቀድሞ ይገባና ኮቱን ሳያወልቅ ከኮሪደሩ ጫፍ ያለውን ቁም ሳጥን በቁልፉ ይከፍታል። ውስጡ የተቀመጠችውን ጥቁር ሳጥን በመሐረቡ ይወለውላል፤ አረንጓዴ መብራቶቿን ይቆጥራል፤ ዘጠኝ ከሆኑ መልሶ ይቆልፋል። "በረኛው" ብለው ያወጡለት የማተሚያ ቤቱ ሰዎች ናቸው። ዘጠኙም ኮምፒውተሮች ወደ ኢንተርኔት የሚወጡት በዚህች ሳጥን በኩል፣ በአንድ አድራሻ ነው። በየኮምፒውተሩ ግንባር ላይ ቁጥር ጽፎ የለጠፈውም እሱ ነው። የራሱ ኮምፒውተር ቁጥር ሁለት ነው።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ነገር እምቢ ባለ ቁጥር የሚጠራው እሱ ነበር። ባለፈው ወር ግን አንዲት ገጽ አቀናባሪ ተቀጥራ ሰባት ቁጥር ላይ ተቀመጠች። በመጀመሪያው ቀን ቁም ሳጥኑን ከፍቶ ያስረዳት ራሱ ነው።

"ከውጭ ለሚያየን ዘጠኛችንም አንድ ነን" አላት። "ማን ምን እንደጠየቀ የምታውቀው ይቺ ብቻ ናት። መልሱን ለየባለቤቱ የምታደርሰው መዝግባ ስለምትይዝ ነው።"

ልጅቱ ማስታወሻ ያዘች። ደስ አለው።

ደስታው ሳምንት አልቆየም። ፕሪንተሩ ወረቀት ነክሶ ሲቀር ሒሳብ ሠራተኛዋ እሱን አልፋ፣ "እስቲ አንቺ ነይልኝ፤ እሱማ ሰበብ ሲያበዛ ይመሻል" ብላ ልጅቱን ጠራች።

"በረኛው፣ ጎል ገባብህ" አለው ሽፋን ሠሪው።

አብሯቸው ሳቀ። ቆሽቱ ግን አረረ። ከዚያ ወዲህ ልጅቱ ስትስቅ በእሱ የምትስቅ፣ ዝም ስትል የምትንቀው ይመስለው ጀመር።

ትናንት ባሰበት። ትልቁ ደንበኛቸው፣ የመማሪያ መጻሕፍት አሳታሚው፣ ገጾች በሚላኩበት ድረ ገጹ በኩል ለልጅቱ የምስጋና ደብዳቤ እንደላከላት ሰማ። ለእሱ አንድም ቀን ተጽፎለት አያውቅም። ምን እንደሚል ካላየ እንቅልፍ አይወስደውም። ሰው ሁሉ ለምሳ ሲወጣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ በስሟ ሊገባ ሞከረ። የይለፍ ቃሏ ይሆናል ብሎ የአባቷን ስም ጻፈ፣ የስልክ ቁጥሯን፣ የተወለደችበትን ዓመት። ስድስት ጊዜ ገምቶ አልሆን ሲለው ተወው። ምሳውንም አልበላም።

ዛሬ ጠዋት የአሳታሚው ድረ ገጽ ለዘጠኙም ተዘጋ። እስከ ቀትር መላክ ያለባቸው ሁለት መቶ ገጾች አሉ። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት፣ ሁሉም እትዬ የሚሏቸው፣ ከቢሯቸው ወጡ።

"ከእኛ አድራሻ ሰው በልጅቱ ስም ሊገባ ሲታገል ነበር አሉ። ማን እንደሆነ ካልነገርናቸው አይከፍቱልንም።"

"የይለፍ ቃሏን ረስታ ራሷ ትሆናለች" አለ በረኛው ቶሎ ብሎ። "ለነገሩ ከውጭ ሲታይ አንድ ስለሆንን ማን እንደሆነ አይታወቅም።"

"ጋሼ" አለች ልጅቱ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "አሳታሚው አያውቅም እንጂ ሳጥኗማ ታውቃለች። እርስዎ አይደሉ ያስተማሩኝ?"

"እንግዲያው ክፈታት" አሉ እትዬ።

ቁልፉን ከኪሱ እስኪያወጣ ጊዜ ወሰደበት። ገመድ ሰክቶ መዝገቡን በስክሪን ላይ ሲያወጣ ሁሉም ከኋላው ቆመው ነበር። የትናንት ምሳ ሰዓት፣ የአሳታሚው ድረ ገጽ፣ ስድስት መስመር። በእያንዳንዱ መስመር ፊት የተጻፈው ኮምፒውተር ቁጥር ሁለት ነው።

ሽፋን ሠሪው ዞር ብሎ በበረኛው ኮምፒውተር ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አየ። ሊቀልድ አፉን ከፈተና ተወው።

"ደብዳቤውን ፈልገው ነው?" አለች ልጅቱ። "ቢጠይቁኝ አሳይዎት ነበር። ሁለት መስመር ናት።"

የቆጡን ላውርድ ሲል የብብቱ መውደቁን ከማንም በፊት ያወቀው እሱ ነው።

እትዬ ለአሳታሚው ደውለው እውነቱን ተናገሩ። ድረ ገጹ ለዘጠኙም ባንዴ ተከፈተ፤ ገጾቹም በሰዓቱ ሄዱ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉለት። ቁልፉን ተቀብለው ለልጅቱ ሰጧት።

ነገም በረኛው ከሁሉም ቀድሞ ይገባል። የቁም ሳጥኑን ቁልፍ የያዘችው ልጅቱ ግን የምትደርሰው ከእሱ ግማሽ ሰዓት ዘግይታ ነው።