ሦስቴ አንኳኩቻለሁ

ሰሞኑን ኮተቤ፣ ከቤቴ አጥር ማዶ፣ አንድ ጎረምሳ የጎረቤቴን የድንጋይ ግድግዳ በኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ እየበሳ ነው። ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ሊገባበት ነው አሉ። ብቻውን ነው የሚሠራው። እኛ ይህን ሥራ ብቻችንን አንነካውም ነበር። ድምፁን በሰማሁ ቁጥር የግንበኝነት ዘመኔ ትዝ ይለኛል።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከዘውዱ ጋር ጥንድ ሆነን የምንሠራ ግንበኞች ነበርን። የካ ዳገት ላይ፣ ባሕር ዛፉ መሐል፣ አንዲት ወይዘሮ ሳሎናቸው ውስጥ እንዲህ ያለ ምድጃ ፈለጉ። ወሩ ኅዳር ነበር፣ የእንጦጦ ብርድ ጣት የሚቆርጥበት። የድሮ ግንብ ሁለት ፊት አለው፤ ከውስጥና ከውጭ። ሁለቱን የሚያያይዙ ረጃጅም ድንጋዮች በመሐል ያልፋሉ። እነዚያን የሚያወጣ ሰው አስቀድሞ በመዶሻ ሦስቴ ያንኳኳል፤ ከግድግዳው ጀርባ ያለው ያንን ሲሰማ ዞር ይላል። ሌላ ሕግ አልነበረንም።

እኔ ከውስጥ፣ ዘውዱ ከውጭ ነበርን።

«አንተ ምንጣፍ ላይ፣ እኔ ውርጭ ላይ!» እያለ በመስኮት ይቀልድብኛል።

ምሳ ሰዓት ላይ ከሥራ አለቃችን ጋር ድንች በአዋዜ ስንበላ ወይዘሮዋ መጡ። «የጭስ ማውጫውን ዘውዱ ይገንባው» አሉ። ወደ እኔም ዞረው፣ «አንተ ልጄ፣ እጅህ ይቸኩላል።»

«እማማ፣ እሱ የሚቸኩለው ለድንች ነው እንጂ!» አለ ዘውዱ። ሁሉም ሳቁ። እኔ የያዝኩትን ድንች መልሼ አስቀመጥኩት።

አኩርፌ ወደ ሥራዬ ገባሁ። ረጅሙ ድንጋይ ሥር ዲጂኖ ሰደድኩ። ማንኳኳቱን አልረሳሁትም። ከእሱ ጋር መነጋገር ስላልፈለግሁ ነው፤ ማንኳኳቱም እንደ መነጋገር መሰለኝ። ገፋሁት። ድንጋዩ ወደ ውጭ ወጣ፣ በላዩ ያሉትም ተከትለውት ወረዱ። ዘውዱ ጮኸ።

ስደርስ እግሩ ድንጋይ ሥር ነበር። አለቃችን እየሮጠ መጣ።

«አላንኳኳህም እንዴ?»

«ሦስቴ አንኳኩቻለሁ።»

ዘውዱ ፊቱ አመድ መስሎ አየኝ። «አልሰማሁም እኮ» አለ። ጆሮውን በጣቱ ነካ አድርጎም፣ «ጆሮዬ ይሆናል።»

አመነኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እግሩ በሁለት ወር ዳነ። አለቃችን ግን «ጆሮው የማይሰማን ሰው ከግንብ ጀርባ አላቆምም» አለ፤ ወሬውም ግንበኛው ሁሉ ዘንድ ደረሰ። ጥንድ የሚሆነው ጠፋ። ያ ሁሉ ሙያ ይዞ ከእንጦጦ በአህያ ማገዶ ማውረድ ጀመረ። የጭስ ማውጫውን እኔ ገነባሁት። ወይዘሮዋም መረቁኝ።

ዛሬ ሁለታችንም አርጅተናል። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የካ ሚካኤል ቅጥር ውስጥ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። እውነቱን ልነግረው ስንቴ አፌን ከፈትኩ። አሁን ቢያውቅ ምን ይጠቅመዋል፣ እጁ እንደሆነ ደክሟል እላለሁ። ይህም ሰበብ ነው፣ አውቃለሁ። ሚስቱም ልጆቹም ሲያናግሩት ይጮኻሉ፤ እሱም አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ጆሮው ደህና እንደነበር የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

እኔም ሳናግረው እጮኻለሁ።